የወንዝ መለኪያዎቹ ሁሉ በአንዴ ሲናገሩ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5። ጠዋት
ቢሮ ገብቼ ስክሪኑን አየሁ። ወንዙ ዳር የተከልናቸው የውሃ መለኪያዎች በሙሉ የውሃውን ከፍታ ልከዋል። ሁሉም የሚልኩት እዚህ አዳማ ወዳለው አንድ መቀበያ ነው። ውሃው ከፍ ካለ መቀበያው ለየመንደሩ ስልክ ማስጠንቀቂያ ይበትናል።
ወ/ሮ ዘይነባ ዓለም ጤና አጠገብ ካለው መንደራቸው ደወሉ። ማሳቸው ጫፍ ያለውን መለኪያ የሚጠብቁልን እሳቸው ናቸው። እንደ እናት አዴ ነው የምላቸው። ላማቸው ወልዳለች። እንገሩ ሳያልቅ ነይ አሉኝ። እሺ አልኩ። መቼ እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7
ምን ብዬ ልጻፍልሽ፣ ማስታወሻዬ? ትናንት ከሰዓት ወንዙ ሞላ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። የአዴ ላም ግን ከነጥጃዋ ተወሰደች። የጎረቤቶቻቸው ሽንኩርት ደለል ለብሷል፤ የውሃ ሞተሮቻቸውም ሄደዋል። ለሌሎቹ መንደሮች ማስጠንቀቂያው ደርሷል። ለአዴ መንደር ብቻ አልደረሰም።
አለቃዬ ግርማ፣ የመለኪያው ጠባቂ ባትሪውን ነቅለውት ይሆናል ይላል። አዴ ጋ ደወልኩ። አያነሱም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8
አገኘሁት! ባትሪው ደህና ነበር። መለኪያው ልኳል። ዝናቡ ሲወርድ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ላኩ፤ መቀበያው መያዝ ሲያቅተው የተረፈውን፣ የአዴን፣ ጣለ። መለኪያው ደግሞ ደረሰ አልደረሰ ብሎ አይጠይቅም። አንዴ ተናግሮ ዝም።
ለግርማ አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ። አስተካክይው፣ ለመንደሩ ግን የኔትወርክ ችግር ነበር በይ አለኝ። የማስጠንቀቂያውን ሥራ ውል እንዳንነጠቅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቷል። የሁላችንም እንጀራ እሱ ትከሻ ላይ ነው። ግን አዴስ?

ከሰዓት። ፕሮግራሙን ስቀይር ዋልኩ። ከእንግዲህ በየተራ ይልካሉ። መቀበያው ደርሶኛል እስኪል ይደጋግማሉ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10። ዓለም ጤና
አዴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ጎረቤት ሰላም አይላቸውም። ማሽኑ ይነግራችኋል ብለው አዘናጉን ይሏቸዋል። የባሰው፣ እሳቸውም አምነውታል።
«ሳላውቅ ነክቼው ይሆን እንዴ፣ ልጄ?»
«አልነኩትም፣ አዴ። የእርስዎ መለኪያ ተናግሯል። ያልሰማነው እኛ ነን።»
መንደሩን እንዲጠሩልኝ ለመንኳቸው። ግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። ሁላችሁም በአንዴ ብታናግሩኝ የማንን እሰማለሁ? የኛ መቀበያም እንዲሁ ሆነ፤ ጥፋቱ የኛ እንጂ የአዴ አይደለም አልኩ።
ሞተሩን ወንዝ የወሰደበት አንድ ሰውዬ ተነሳ። ሊሰድበኝ መስሎኝ ነበር። አልፎኝ ሄዶ አዴ ፊት ቆመ።
«አፉ በሉን» አላቸው። አዴ በሻርፓቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።
ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንቺስ፣ የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ ትሰሚናለሽ?»
አስተካክዬዋለሁ አልኩ። እንድምል ቢጠይቁኝ ግን አልምልም። በእውነተኛ ጎርፍ ገና አልተፈተነም። ይህንንም ነገርኳቸው።

እሑድ፣ ነሐሴ 11
አዴ ቤት አደርኩ። ጠዋት ለግርማ ደውዬ የተናገርኩትን ሁሉ ነገርኩት። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። መቼ ነው የምትመለሺው አለኝ።
ክረምቱ እስኪወጣ እዚሁ ነኝ አልኩት። ዝናብ በጣለ ቁጥር ወንዙን በዓይኔ አያለሁ፤ ማስጠንቀቂያው ከዘገየ ቤት ለቤት እየሮጥኩ እናገራለሁ። ካላባረርከኝ፣ ልብሴን በሚኒባስ ላክልኝ።