ሹራባቸውን ለሥዕል ያለበሱት ባለሳጥኑ

ሰው በዝናብ እየተንቀጠቀጠ የገዛ ሹራቡን አውልቆ ለሥዕል የሚያለብሰው ለምንድን ነው? አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሜ «ደርብ፣ ይበርድሃል» ስል የኖርኩ ባለቤታቸው ነኝ፤ መልሱን ግን አላገኘሁትም። የሕይወት ታሪካቸውን ጻፊ ስለተባልኩ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ባለቤቴ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው ስለታመሙ ትምህርቱን ትተው ቤት ቀለም መቀባት ጀመሩ። አባታቸው ከማረፋቸው በፊት፣ ሲከፈት ሦስት እግር የሚያወጣ የቀለም ሳጥን ሠርተውላቸው ነበር። በእረፍት ቀናቸው ያን ሳጥን በትከሻቸው አንግተው ከከተማ ወጣ ይሉና ወንዙን፣ ድልድዩንና ዛፎቹን ሲሥሉ ይውላሉ። «ባለሳጥኑ» የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ተጋብተን ሁለት ልጆች ወለድን። ጡረታ እስኪወጡ የስንቱን ቤት አሳምረዋል፤ የራሳችን ሳሎን ግን ግማሹ እስከ ዛሬ አልተቀባም።

በ1985 ዓ.ም. የአንድ የሥዕል አዳራሽ ግድግዳ ሊቀቡ ገቡ። እዚያ ግራጫና ቢጫ ብቻ የፈሰሰበት ትልቅ ሥዕል አዩ። ዛፍ የለው፣ ቤት የለው። ባዶ ባልዲ ደፍተው ፊት ለፊቱ እንደተቀመጡ የምሳ ሰዓት አለፈ፤ አለቃቸውም ተቆጧቸው። ቤት ገብተው «ምንም አልተሣለበትም፤ ግን በረደኝ» አሉኝ። እኔ ሞኟ ትኩሳት ይዟቸው ይሆናል ብዬ ግንባራቸውን ዳበስኩ።

ከዚያ ወዲህም ወደ ሜዳው መውጣታቸውን አልተዉም። ይዘው የሚመለሱት ግን ዛፍና ወንዝ መሆኑ ቀረ፤ የቀትሩ ሙቀት፣ የነፋሱ ግፊት፣ ከዝናብ በፊት ያለው ዝምታ ሆነ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው፣ «ጋሼ፣ ይሄን ለመሞነጫጨር እዚያ ድረስ ምን አስኬደዎ? ቤትዎ ቁጭ ብለው አይሠሩትም?» ብሎ ቢተርባቸው፣ «ቤት ውስጥ ነፋስ የለማ» አሉት። ያው ጫማ ሰፊ በኋላ አንዱን ለምኖ ወስዶ ሱቁ ውስጥ ሰቅሎታል። ሰዎች «ምንድን ነው?» ሲሉት «እንጃ» ይልና፣ በሙቀት ጊዜ ቀና ብሎ ሲያየው ቀለል እንደሚለው ይናገራል።

እኛ ዘንድ ያደገችው የልጅ ልጃችን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እስከ ዘንድሮ፣ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ አብራቸው ትወጣ ነበር። እኔ ሁለቱም እስኪመለሱ ከመስኮት አልርቅም።

ባለፈው ወር ብቻቸውን ወጥተው ሳሉ ዝናብ ያዛቸው። ሥዕሉ እንዳይበላሽ ሹራባቸውን ደረቡለት፤ እሳቸው በሸሚዝ በስብሰው ገቡ። የሳንባ ምች ሆነና ሐኪም ቤት አሥራ አንድ ቀን ተኙ። በእጄ የሠራሁት ሹራብ ክር ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ልለቅመው ስል ልጅቱ እጄን ያዘችኝ።

በመጨረሻ «ሳጥኑን ለልጅቱ ስጪያት፣ አደራ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ከባለቤታቸው ሌላ ሁለት ልጆችና አንዲት የልጅ ልጅ አሏቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ብርድ በማይደርስበት ያሳርፍልን።

እዚህ ላይ «አደራቸውም ተፈጽሟል» ብዬ ልዘጋ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ሳጥኑን የታመሙ ዕለት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ልጅቱ ሁለት ጊዜ ቁልፉን ብትጠይቀኝ ጠፋብኝ አልኳት። እሷም እንደሳቸው ዝናብ ላይ እንዳትቀርብኝ ፈርቼ ነው። ግን ይህ ወረቀት በሰው ፊት የሚነበብ ነው። ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ፤ ሳጥኑን አውጥቼ ከታጠበው ሹራብ ጋር በሩ ሥር አኖርኩት።

ልጅቱ ሳጥኑን አየች፤ እኔን አየች። «ደርቢ» ልላት ስል ሹራቡን ለብሳዋለች። ሳጥኑን አነገተችና ከቤት ወጣች።