በመስተዋቱ ጀርባ ያሉ አበቦች

ጥቅምት 8 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ከማስተማር መልስ

የመስተዋቱን ጀርባ ስስል አራተኛው አበባ ላይ ደርሻለሁ። እርሳሱ ዶልዱሟል። መስተዋቱን ነገ መመለስ አለብኝ። አሥር አለቃ መኮንን ከኮሪያ ሲመለሱ ጃፓን ላይ ገዝተው ለሚስታቸው ለየሻረግ ያመጡት ነው። ብርጭቆ አይደለም፣ የድሮ ነሐስ ነው። ፊቱ ልሙጥ፣ መልክ ያሳያል። ጀርባው አበባ በአበባ። ሻጩ ሽማግሌ ትርጉሙን በአስተርጓሚ ነግሯቸዋል፤ ላንተም ልጻፍልህ ደብተሬ። ቅጠለ ብዙው አበባ፣ ረጅም ዕድሜ። ባለ አምስት ቅጠሉ በብርድ ቀድሞ ይፈካል፤ ጽናት ነው። ፍሬ ያዘለው ቁጥቋጦ ክፉ ይመልሳል። የሻረግ የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ ትራሷ ሥር የምታኖረው ለዚህ ነው። በስንት ልመና ሰጠችኝ።

ጥቅምት 9

አጠፋሁ። በአበቦቹ መካከል የተጋገረው እድፍ ለሥዕል አልመች አለኝ። እናቴ የነሐስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ነበር የምታሸው። መስተዋቱን በፊቱ መደብ ላይ ደፍቼ ጀርባውን አሸሁት። አበቦቹ ቦግ አሉ። ደስ አለኝ! ስገለብጠው ፊቱ የለም። ሎሚው ሥር ለሥር ገብቶ በልቶታል፣ የመደቡ አሸዋ ጭሮታል። መልኬን ባየው ጉም ብቻ።

በጨርቅ ጠቅልዬ መለስኩ። ምንም አላልኩም። የሻረግ መረቀችኝ።

ጥቅምት 12

የሻረግ ጨርቁን የፈታችው ትናንት። የቀጥቃጩ የተገኘ ሚስት፣ ሸክላ ሠሪዋ አለሚቱ፣ እንስራ ልታደርስ መጥታ አጠገቧ ነበረች። ጎንበስ ብላ አብራ አየች። መስተዋቱ ፈዞ ታየ። በቃ፣ መንደሩ ፈረደ፤ የቡዳ ዓይን ነው፣ ነገ ደግሞ ጽንሱን ትበላለች። የሻረግ ታለቅሳለች።

ሰዉ ይህን ሲል እዚያው ቆሜ ሰማሁ። ክፍል ውስጥ ቡዳ የሚባል የለም ብዬ የማስተምረው እኔ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እኔ ዝም ብዬ ሰው በላሁ። አፍራለሁ።

ጥቅምት 17

ገበያ። ከአለሚቱ አንዲት ገንቦ የሚገዛ የለም። ውሃ መቅጃው ላይም ሴቶቹ ልጆቻቸውን ከፊቷ ይሸሽጋሉ።

አሥር አለቃ እንዲህ ያለ ነገር አያምኑም። መስተዋቱ እንዲወለወል ወደ ተገኘ ይዘው ሄዱ፣ እኔንም አስከትለው። ተገኘ ጣቱን በአበቦቹ ላይ አዞረ። የተቀረጹ አይደሉም፣ ነሐሱ ሲፈስ አብረው የወጡ ናቸው አለ፤ የሠሪውን እጅ አደነቀ። እኔ ሳምንት ሙሉ ስስላቸው ይህን አላወቅሁም። ከባለ አምስት ቅጠሉ ሥር በጥፍሩ አመድ ፈለቀቀ፣ የሎሚ ቅርፊትም። ቀና ብሎ አየኝ። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ለአሥር አለቃ የነገራቸው ፊቱ ስስ ልባስ እንደነበረው፣ እሱም ልባሱን መመለስ እንደማይችል ብቻ ነው።

ስንወጣ ወደኋላ አስቀረኝ። «እኔ ብናገር ማን ያምነኛል፣ መምህር?» አለኝ።

ጥቅምት 26

ነገ ከመድኃኔ ዓለም ቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ተገኘና አለሚቱ ከዚህ ከወረታ ወጥተው አንበሳሜ ይሂዱልን ነው ነገሩ። ሁለት ጊዜ እስከ የሻረግ በር ሄጄ ተመለስኩ። የምፈራው መሳቂያ መሆንን ነው። ሰው ከቤቱ ሊነቀል፣ እኔ ስለ ስሜ እጨነቃለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የክረምቱ ጎርፍ ከሜዳው ሸሽቷል። ሰው ሁሉ ጓያ ሊዘራ ይሯሯጣል።

ጥቅምት 27፣ ረፋድ

ቅዳሴ ወጥቷል። ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፣ ከመስኮቴ ይታዩኛል። የሻረግ ከባሏ ጎን ናት። ተገኘ ጥግ ቆሟል። አለሚቱ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አውርዳ ዓይኗን ሸፍናለች፤ አየችን እንዳይሏት።

እሄዳለሁ። ሎሚውንም፣ አመዱንም፣ ዝምታዬንም በሁሉ ፊት እናገራለሁ። ከዚያ አለሚቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንደኛው ሽማግሌ ለፍርድ ተነሡ፤ ጫማዬን እንኳ ሳላጠልቅ—