በጀሪፍ ብስክሌት ጠጋኝ የነበሩት የአቶ ሻምበል ወልደሥላሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሻምበል ወልደሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሥላሴ ቢያድግልኝና ከእናታቸው ከወ/ሮ እንጉዳይ ጀምበሬ በቀድሞው ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በባሕር ዳር አውራጃ፣ በአቸፈር ወረዳ፣ ይስማላ በተባለ ቦታ ሐምሌ 19 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በ1964 ዓ.ም. ባሕር ዳር ወደሚኖሩት አጎታቸው ተልከው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። አጎታቸው የብስክሌት ኪራይ ቤት ስለነበራቸው አቶ ሻምበል ከትምህርት መልስ ተከራይቶ የሚመለሰውን ብስክሌት ሁሉ ያዩ ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ በመሆኗ ሠራተኛውም ተማሪውም በብስክሌት ነበር የሚሄደው። ሰው ብስክሌቱን እንዴት እንደያዘው ከፔዳሉ ድምፅ እንደሚያውቁ ይናገሩ ነበር። ትምህርታቸውን በ1974 ዓ.ም. ካቋረጡ በኋላ ስምንት ዓመት በዚያው ቤት በጥገና ሠርተዋል።

በ1982 ዓ.ም. ወጣቱ ሁሉ ለጦርነት በሚታፈስበት ጊዜ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በገዳሪፍ አቅራቢያ ባለው የስደተኞች ጣቢያ ሲመዘገቡ የገጠማቸውን እርሳቸው ራሳቸው እየሳቁ ደጋግመው ያወሩት ስለነበር እዚህ መጻፉ ተገቢ ነው። አስተርጓሚው ስማቸውን ጠየቃቸው። “ሻምበል ወልደሥላሴ” አሉ። አስተርጓሚው ቀና ብሎ አያቸውና “የየትኛው ክፍለ ጦር?” አላቸው። “የብስክሌት ኪራይ ቤት” ብለው መለሱ። ይህ መልስ እንደ ድፍረት ተቆጥሮ ከሌላው ስደተኛ ተለይተው ከከዱ መኮንኖች ጋር አራት ወር ተቀመጡ። ነገሩ የተፈታው የጣቢያው ጤና ሠራተኛ የተሰበረ ብስክሌቱን ይዞ መጥቶ አቶ ሻምበል በመኪና ሽቦና በድንጋይ አስተካክለው ከሰጡት በኋላ ነው። ሰውየው ጽሕፈት ቤት ገብቶ፣ “ይህ ሰው መኮንን አይደለም፣ ዐጀላቲ ነው” ብሎ መሰከረላቸው። ዐጀላቲ በዚህ አገር ብስክሌት ሠሪ ማለት ነው። ስሙም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከተላቸው።

በ1984 ዓ.ም. ካርቱም ገብተው ለጥቂት ጊዜ ሱቅ ዐረቢ በተባለው ገበያ በጫኝነት ከሠሩ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. አል-ማንሺያ በተባለው ሰፈር በአንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ቤት በጥበቃ ተቀጠሩ። እዚያ ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ በምንጣፍ ተሸፍኖ ዝጎ የተጣለ አሮጌ ብስክሌት ነበር። የመሐንዲሱ ሟች አባት ብስክሌት ኖሯል። አቶ ሻምበል ልሥራው ብለው ሲጠይቁ፣ “ይሄ ብረት ነው፣ ብስክሌት አይባልም” ተባሉ። በትርፍ ጊዜያቸው ሦስት ሳምንት ያህል ዝገቱን እየፋቁ፣ ኩሽኔቱን በናፍጣ እያጠቡ፣ ከሱቅ ያጡትን ዕቃ ከቆርቆሮ እየቀረጹ አስነሡት። መሐንዲሱ ግቢውን በብስክሌቱ ሁለት ጊዜ ዞሩና ቤት ገቡ። በማግሥቱ አንድ ሣጥን ሙሉ መፍቻ ይዘው መጥተው ጥበቃው ክፍል በር ላይ አስቀመጡላቸው። አቶ ሻምበል በዚያ ሣጥን እስከ መጨረሻው ሠርተውበታል።

በ1988 ዓ.ም. ከሁመራ መጥተው በዚሁ ሰፈር በቤት ሠራተኝነት ይሠሩ ከነበሩት ከወ/ሮ ለተብርሃን ገብረመድኅን ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣመሩ። በ1990 ዓ.ም. ልጃቸውን ቤቲን ወለዱ። ከጥበቃ ሥራቸው በ2002 ዓ.ም. ሲሰናበቱ ጀሪፍ በተባለው የካርቱም ሰፈር በተከራዩት ቤት ግቢ ውስጥ የጥገና ሥራቸውን ጀመሩ። ከኒም ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ገመድ አንጠልጥለው ብስክሌቱን እዚያ ላይ ይሰቅሉ ነበር። የተነፈሰ ጎማ የቀዳዳው ቦታ የሚታወቀው በወ/ሮ ለተብርሃን የልብስ ማጠቢያ ሣፋ ውስጥ ውኃ ተሞልቶ አረፋው ሲወጣ ስለነበር፣ ሣፋው የማን እንደሆነ በዚያ ቤት ለዓመታት ስምምነት አልተደረሰበትም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ የእህታቸው ልጅ ንጋቱ ነኝ። በ2003 ዓ.ም. ወደ ሊቢያ ለማለፍ ካርቱም ገብቼ፣ ሁለት ሳምንት ብዬ እርሳቸው ዘንድ አርፌ፣ ይኸው ቀረሁ። ስለዚህ እውነቱን ብናገር አይከፋቸውም። አጎቴ ዘገምተኛ ሠራተኛ ነበሩ። የሰው ብስክሌት ፈትተው “የሚገባውን ዕቃ እስካገኝ” እያሉ ሁለት ወር ያቆዩበት ጊዜ ነበር። ከዚያም የባሰው፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ ካልፈታ ጎማ አይነኩም። በዚህ የተነሣ ደንበኛ ተቆጥቶ ሲሄድባቸው አይከተሉትም። አብዛኛው ተመልሶ ይመጣል።

ከተመለሱት አንዷ ሙኒያ ናት። ሙኒያ አብራር ከወሎ፣ ከቃሉ መጥታ በአል-ማንሺያ በቤት ሠራተኝነት ስትሠራ፣ በ2008 ዓ.ም. አሠሪዎቿ የሰጧትን ያረጀ ብስክሌት በዕረፍት ቀኗ ዓርብ ይዛ መጣች። አቶ ሻምበል መፍቻውን ሰጧት።

“ጋሼ፣ እኔ እኮ እንዲሠሩልኝ ነው ያመጣሁት” አለች።

“እኔ ሠርቼ ብሰጥሽ እስክትበላሽ ትነጂያታለሽ። ራስሽ ከሠራሻት ግን የትም ብትቆምብሽ አትደነግጪም” አሏት።

ያን ቀን ተናድዳ ሄደች። በሚቀጥለው ዓርብ ሦስት ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። ከዚያ በኋላ የጀሪፍ ግቢ ዓርብ ዓርብ በወሎ ልጆች ይሞላ ነበር። ሴት ብስክሌት ስትነዳ አይተው ሰዎች መንገድ ላይ ሲስቁባቸው፣ አቶ ሻምበል ለልጆቹ የሰጧቸው ምክር አጭር ነበር፦ “ሰንሰለቱን ዘይት ቀቢው። ሳይጮህ ሲያልፍ አያዩሽም።”

ወ/ሮ ለተብርሃን በ2012 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመና በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ደማቸው በማሽን መታጠብ ጀመረ። በዚህ አገር ራክሻ በሚባለው ባጃጅ እየተመላለሱ ሲታከሙ ሳለ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ተጀመረ። ቤቲ ሁለት ልጆቿን ይዛ በመተማ በኩል ስትወጣ አባቷን አብረን እንሂድ ብላ ለመነች። አቶ ሻምበል መንገዱን በቀን ቆጠሩት። ሰባትም ስምንትም ቀን ሊወስድ ይችላል ተባለ። ወ/ሮ ለተብርሃን ያለ ማሽን ያን ያህል መቆየት አይችሉም። “አንቺ ልጆችሽን አውጪ። እናትሽ ማሽኑ ካለበት አትርቅም፣ እኔም ከእናትሽ አልርቅም” አሏት።

በአካባቢያችን የነበረው ሕክምና ሲዘጋ በደቡብ በኩል ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቆ አንድ ቦታ ሥራውን እንዳላቆመ ተሰማ። ነዳጅ የለም፣ ራክሻ የለም። አቶ ሻምበል ከሁለት የልጆች ብስክሌት ጎማ፣ ከአልጋ ብረትና ከፕላስቲክ ወንበር በብስክሌት የሚጎተት ጋሪ ሠሩ። የወንበሩን ሥር በአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ እንደ አልጋ ጠፍር አደረጉት፤ መርፌ የሚገባበት የወ/ሮ ለተብርሃን እጅ በመንገዱ ንቅናቄ እንዳይጎዳ ነው። የብስክሌቱን የኋላ ጥርስ በትልቅ ለውጠው ጉተታውን አቀለሉት። ለጋሪውም ለብቻው ፍሬን አበጁለት። በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ነበር።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ በግማሽ መንገድ ላይ ኬላ ያቆሙ ታጣቂዎች አስቆሟቸው። አንደኛው ብስክሌቱን ወደደውና “ውረድ” አላቸው። አቶ ሻምበል ወርደው ጋሪውን ፈቱ። ብስክሌቱን ሲያስረክቡትም እንዲህ አሉት፦

“የቀኙ ፍሬን የጋሪው ነበር። አሁን ምንም አይዝም። ቁልቁለት ላይ በግራው ብቻ ያዝ።”

ታጣቂው “ያላ፣ ያላ” ብሏቸው ሄደ። አቶ ሻምበል ጋሪውን በገመድ ወገባቸው ላይ አስረው የቀረውን አራት ኪሎ ሜትር በእግር ጎተቱ። ወ/ሮ ለተብርሃን ከኋላ ሆነው ተቆጡ፦ “አንተ ሰው፣ ለምን ነገርከው? ወድቆ በተሰበረ።”

“የእጄ ሥራ ነው” አሉ አቶ ሻምበል። “በእጄ ሥራ ሰው እንዲሞት አልፈልግም።”

አርፍደው ስለደረሱ የዚያን ቀን የተገኘው የግማሽ ሰዓት ተራ ብቻ ነበር። ወ/ሮ ለተብርሃን እስከ ቅዳሜ ፊታቸው አብጦ ቆየ። አቶ ሻምበል በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሌላ ብስክሌት ገጣጠሙ፤ ይህኛው ግን ከሠሯቸው ሁሉ የተለየ ነበር። ኩሽኔቱን፣ ጥርሱን፣ ፍሬኑን አጥርተው ካስተካከሉ በኋላ ቀለሙን በድንጋይ ፋቁት። ጥቀርሻና የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። መቀመጫውን በተቀደደ ማዳበሪያ ጠቀለሉት፤ መሪው ላይ የማያስፈልግ ጨርቅ ቋጠሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲያወለውሉ የኖሩ ሰው ይህን ሲያደርጉ ከአጠገባቸው ነበርኩ፤ እንደተከፉም አይቻለሁ።

ወ/ሮ ለተብርሃን ባዩት ጊዜ “በዚህ ተጭኜ? ሰው ምን ይለናል?” አሉ።

“ምንም እንዳይለን ነው” አሉ አቶ ሻምበል።

በዚያው ኬላ አንድ ታጣቂ ብስክሌቱን ዞሮ አየውና “ይሄ ዐጀላ ነው?” ብሎ ጠየቃቸው። “ነበረ” አሉት። ስቆ አሳለፋቸው። ያ አስቀያሚ ብስክሌት ከሐምሌ 2015 እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ ሃምሳ ጊዜ በላይ ሄዶ ሲመለስ ማንም አልፈለገውም። ተመሳሳይ ሕመም ለነበረባቸው ለጎረቤታችን ለሐጃ ኒዕማም ሁለተኛ ጋሪ ሠሩ፤ አሠሪዎቿ ጥለዋት ከሄዱ በኋላ እኛ ዘንድ የገባችው ሙኒያ ትጎትተው ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የሕክምናው ዕቃ አልቆ ማሽኖቹ ለአሥራ አንድ ቀን ሲቆሙ ሐጃ ኒዕማ ዐረፉ። ወ/ሮ ለተብርሃን ለጥቂት ተረፉ። አቶ ሻምበል የሐጃን ጋሪ አልፈቱትም፤ ለሌላ ታማሚ ሰጡት።

በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ከተማው ሲረጋጋና ራክሻ ወደ መንገድ ሲመለስ አቶ ሻምበል የልባቸው ድካም ጎልቶ ታየ። ሐኪም ጉተታውን እንዲያቆሙ ቀደም ብሎ ነግሯቸው እንደነበር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ከሰኔ ጀምሮ እግራቸው እያበጠ ጎንበስ ማለት ተቸገሩ። ኒሙ ሥር ተቀምጠው ሥራውን በቃል ያሠሩን ነበር፤ ስንሳሳት ይታገሡናል፣ ስንቸኩል ግን አይታገሡንም።

ቅዳሜ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ትንፋሻቸው አጠረ። በር ላይ የቆመው ራክሻ ወ/ሮ ለተብርሃንን ሊወስድ የመጣ ነበር። እርሳቸው ባለቤቴን ትቼ አልሄድም አሉ። አቶ ሻምበል ግን፣ “ካረፈደች የማሽኑ ተራ ያልፋታል። መጀመሪያ እሷን አድርሱ፤ እኔ እጠብቃለሁ” አሉ። ሙኒያ ወ/ሮ ለተብርሃንን ይዛ ሄደች፤ እኔ ሌላ ራክሻ አስጠርቼ ከአጎቴ ጋር ቆየሁ። ራክሻው ዘገየ። ረፋድ ላይ ዐይናቸውን ገልጠው “ማሽኑን ገጠሙላት?” አሉኝ። ሙኒያ ጋ ደወልኩ። “ገጥመውላታል” አልኳቸው። “እንግዲህ ደህና” አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

እኔና ሙኒያ በስልክ ተነጋግረን፣ መርፌው ከእጃቸው እስኪወጣ ድረስ ለወ/ሮ ለተብርሃን ላለመናገር ወሰንን። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሙኒያ አጠገባቸው ተቀምጣ ስለ ሌላ ነገር አጫወተቻቸው። ይህን በማድረጋችን በእናንተ ፊት ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር ያሰብኩት። ትናንት ማታ ግን ራሳቸው፣ “ደግ አደረጋችሁ። ሳልጨርስ ብነሣ እሱ አይወድልኝም ነበር” ብለውናል።

አቶ ሻምበል የአንዲት ሴት ልጅ አባት፣ የሁለት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ለተብርሃንን፣ ጎንደር ሆና ቀብራቸው ላይ መድረስ ያልቻለችውን ልጃቸውን ቤቲን ከነልጆቿ፣ በይስማላ ያሉትን ሁለት እህቶቻቸውን፣ እኔን የእህታቸውን ልጅ፣ እንደ ልጅ ያዩአትን ሙኒያን ትተው ሄደዋል። ከፊታችን ማክሰኞ ጀምሮ ወ/ሮ ለተብርሃንን የማድረሱን ተራ እኔና ሙኒያ ይዘናል።

በሐዘናችን ቀን አብራችሁን የቆማችሁ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ኢትዮጵያዊውም ሱዳናዊውም ጎረቤቶቻችን፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። የደከመውን ልባቸውን የሚያውቅ አምላክ የአጎቴን ነፍስ በቅዱሳኑ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለወ/ሮ ለተብርሃንም ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።