ገዳም የገቡት ቆሮሶዎች

ይድረስ ለልጄ ለዊላሲኒ። እንዴት ነሽ? የኦሳካ ብርድ ጉሮሮሽን ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ ታናኮርንስ፣ የልጅ ልጄ ማሊስ ደኅና ናቸው? እኔ ከጉልበቴና ከንዴቴ በቀር ደኅና ነኝ። ትናንት ስልኩን የዘጋሁብሽ ሆን ብዬ ነው። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልም፣ ስጽፍ ግን የሚያቋርጠኝ የለም።

ቆሮሶ ዓሣዎቹን አደራ ያልሽው እኔን ነው። ክትባት ያለበትን መኖ በእጄ ነው ያበላኋቸው። የነገርሽኝንም በገባኝ ልክ ይዣለሁ፦ ክትባቱ ዲኤንኤ ነው፤ የሕዋሱ ሽፋን ደግሞ ስብ ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ። ስለዚህ ከሽሪምፕ ቅርፊት በሚወጣ፣ ተቃራኒ ሙል ባለው ነገር ትጠቀልሉታላችሁ፤ ያኔ ስቡ ላይ ይለጠፋል። መጠቅለያው ሲበዛ የሕዋሱን ሽፋን ይቀድደዋል፣ ሲያንስ ክትባቱ ደጅ ይቀራል። መግባት አለመግባቱ የሚታየው ዓሣው ተከፍቶ ጉበቱ ሲመረመር ነው፤ ትምህርትሽም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ይኼን ሁሉ ለአክስትሽ ለኦራፒን አስረድቻታለሁ እኮ! እሷ ግን «ታዲያ እንደ ሰው አንኳኩቶ አይገባም?» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ሐኪም ቤት በሄድሁበት ቀን፣ የእናትሽ ሙት ዓመት ነው ብላ፣ ዓሣዎቹን በባልዲ አጓጉዛ የቡድሃ መነኮሳቱ ገዳም ኩሬ ውስጥ ለቀቀቻቸው! ስጮኽባት «ምነው ጋሼ፣ ነፍስ ያለውን መልቀቅ ለእህቴ ነፍስ ጽድቅ ይሆንላታል ብዬ ነው። አንተ አንዲት ዓሣ እንኳ ገዝተህ ለቅቀህላት ታውቃለህ?» አለችኝ።

አለቃውን መነኩሴ ሄጄ ለመንኋቸው። ለነፍስ የተለቀቀን ዓሣ ከዚህ ቅጥር ማንም አያወጣም ብለው መለሱኝ። እስከዚያ ድረስ ንዴቴ በኦራፒን ነበር። አንቺ ግን፣ እኔው ያሳደግሁሽ ልጅ፣ ትናንት በስልክ «አባዬ፣ ሲመሽ መረብ ጥለህ አውጣቸውና ጉበታቸውን ላክልኝ» ትይኛለሽ? እኔ የገዳም ሌባ ነኝ? በዚህ ሽበቴ ከመነኮሳት ኩሬ ስሰርቅ ልያዝልሽ?

ልፋትሽ ያንገበግበኛል፤ የማያንገበግበኝ እንዳይመስልሽ። አዲስ የዓሣ ጫጩት ከነመኖው አስልኪልኝ፤ ደግሜ አሳድጋለሁ፣ የበሩንም ቁልፍ አንገቴ ላይ አስራለሁ። እነዚያ ግን የእናትሽ ናቸው። ከእጇ አልቀማም። የግድ ካልሽ አንቺው መጥተሽ እናትሽን ጠይቂያት፤ ኩሬው ዳር አብሬሽ እቆማለሁ።

ታናኮርንን ሰላም በይልኝ። የማሊን ጉንጭ ሳሚልኝ። ኦራፒንም ሰላም በልልኝ ብላለች፤ አልታረቅንም፣ ሰላምታዋን ግን አላስቀርባትም።

አባትሽ ቻሉም
ባን ፎ፣ ከወንዙ ዳር
ኅዳር 2562፣ በቡድሃ ዘመን