ደንቡን ለእኛ ትተው ውሃ ያሞቁት ወ/ሮ ማስተዋል እዝራ

ወ/ሮ ማስተዋል ከአባታቸው ከአቶ እዝራ ወርቁና ከእናታቸው ከወ/ሮ አዝመራ ታከለ በ1950 ዓ.ም. ጎንደር፣ ወለቃ ተወለዱ። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ቤተሰቡ ቤተ እስራኤል ነው። በዚያ ዘመን ይህን መናገር ስድብ ያስከትል ነበር፤ እሳቸው ግን ሳይጠየቁም ይናገሩት ነበር።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ በ1969 ዓ.ም. ከአቶ ማሞ በላይ ጋር በአባቶቻቸው ሥርዓት ተጋቡና አዲስ አበባ ገቡ። ያቤጽንና ቤቴልን ወለዱ። ቦሌ በሚገኝ አንድ ሆቴል በላውንድሪ ሠራተኛነት ጡረታ እስኪወጡ አገልግለዋል። አለቃቸው ቅዳሜ ግቢ ቢሏቸው፣ «እሑዱንም ገናውንም ለእኔ ስጡኝ፤ ሰንበቴን ግን አልሰጥም» አሉ። ሁለቴ ከሥራ ታገዱ፣ ሁለቴም ተመለሱ። ሰንበታቸው አንዴም አልተነካም።

በ1983 ዓ.ም. ወንድሞቻቸው ወደ እስራኤል ሲሄዱ ባለቤታቸው ታመው ስለነበር እሳቸው ቀሩ። አቶ ማሞን እስከ መጨረሻው አስታመው ቀበሩ። አያት ኮንዶሚኒየም ገብተው የእኛ ጎረቤት የሆኑት በ2004 ዓ.ም. ነው።

እውነት ለመናገር፣ ድምፃቸው ለዜማ የተፈጠረ አልነበረም። ምኩራብ ውስጥ ግን ከሁሉ በላይ የሚሰማው የሳቸው ነበር ይባላል። ከጸሎት ሲመለሱ በራችንን ያንኳኳሉ። «ዛሬ ልቤ ተነክቷል፤ ምን የሚሠራ ነገር አላችሁ?» ይላሉ። የለም ብንል አያምኑም፤ ገብተው ይፈልጋሉ።

በ2011 ዓ.ም.፣ የእነሱ ፋሲካ ዋዜማ ላይ፣ ምድር ቤት ተከራይታ የምትኖር ትግስት የምትባል ልብስ አጣቢ ሞተች። ዘመድ ያላት አይመስልም፤ እድርም አልገባችም። ሁላችንም ደጃፏ ቆመን ከንፈር መጠጥን። የእድራችን ዳኛ አቶ ሐዱሽ «ደንቡ አይፈቅድም» አሉ። እትዬ ማስተዋል «እንግዲያው ደንቡን እናንተ ጠብቁ፣ እኔ ውሃ ላሙቅ» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

በቤተ እስራኤል ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቆያል። ምኩራብ አይገባም፣ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ አይቀርብም። በዓሉን በሙሉ ሊያጡ ነው። የምኩራባቸው ሽማግሌ አቶ ፊሊጶስ መጥተው፣ «ዓመት የጠበቅሽው ፋሲካ ነው፤ ሌላ ሰው ይጠባት» ቢሏቸው፣ «ትናንት በጸሎቱ አልቅሻለሁ። ዛሬ እጄን ከሰበሰብኩ ለምን ነበር ያለቀስኩት?» ብለው መለሱላቸው። ትግስትን አጥበው ገነዙ። ይህን ያየ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ አፍሮ ቃሬዛ አነሳ።

ፋሲካቸውን በዚያችው በትግስት ባዶ ክፍል ብቻቸውን አሳለፉ። እኛም አዝነንላቸው ትኩስ ድፎ ዳቦ ደጃፋቸው አኖርን። በፋሲካ እርሾ እንደማይቀመስ ማን ነገረን? ሳህኑን ከነዳቦው በመጥረጊያ እንጨት ገፍተው መለሱልንና፣ «እናንተ ደግሞ ካልበደላችሁኝ አይሆንላችሁም» አሉን። ቂጣውን ቤቴል አመላለሰችላቸው። በስምንተኛው ቀን ታጥበው ሲወጡ በቀጥታ ወደ አቶ ሐዱሽ ቤት ሄዱ። ደንቡ በዚያው ወር ተሻሻለ። ዛሬ በእኛ ብሎክ እድር ስለሌለው የሚጣል ሬሳ የለም።

ወ/ሮ ማስተዋል በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. አርፈዋል። ሐኪም ይተኙ ቢላቸውም፣ አራተኛ ፎቅ አልጋ ላይ የዋሉትን እማማ ሙሉነሽን በየሐሙሱ ማጠባቸውን አልተዉም ነበር። ደረጃው ላይ ሦስት ቦታ እያረፉ ይወጣሉ፤ ልርዳዎት ያለውን ሰው ደግሞ ባልዲ ያሸክሙታል። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል።

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶቻቸው ጎን ያስቀምጥልን፤ ልጆቻቸውንም እሱ ያጽናና። እኛም ነፍስ ይማር ብለን፣ ንፍሮ ቀምሰን ብቻ እንዳንበተን። ነገ ሐሙስ ነው። እማማ ሙሉነሽ ይጠብቃሉ፤ የሚወጣው ሰው አሁኑኑ፣ እዚሁ መቃብራቸው ላይ፣ እጁን ያውጣ።