ከጣቶችሽ እስከ ልብሽ

ይድረስ ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ፣

ጥሩዬ፣ ከተለየሽን ሁለተኛው መስከረም ጠባ። እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ ክረምቱ ለላስታ ደግ ነበር፤ ገብሱ አምሯል። ጣሪያውንም አሳድሼዋለሁ። የስፌት መኪናሽ እዚያው ገበያው ዳር በረንዳው ላይ ናት፤ አሁን የምትሠራባት ልጃችን ብርቄ ናት።

የላሊበላ ገበያተኛ ዛሬም ያነሳሻል። «ጥሩወርቅ የሰፋችው አይተረተርም» ሲሉ እሰማና ደረቴን ነፍቼ አልፋለሁ። ያንን ስፌት በምን እጅ እንደሰፋሽው የማውቀው እኔ ነኛ። ጠዋት ጠዋት ጣቶችሽ አልታጠፍ ሲሉሽ ሞቅ ባለ ውኃ ነክረሽ እስኪፍታቱ ትጠብቂ ነበር። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የማስገባቱ ሥራ የእኔ ነበር፤ የቀረው ሁሉ ያንቺ።

የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ማን ይስፋ ተብሎ ወላጆች የተሰበሰብን ለት ትዝ ይለኛል። አንዱ፣ እሷማ እጇ ታሟል፣ እንዴት ትችለዋለች አለ። አንቺ ቀስ ብለሽ ተነሳሽና የሰፋሽውን ሸሚዝ ዘረጋሽላቸው። «እጄን አትዩ፤ ስፌቱን እዩ» አልሽ። ገልብጠው አዩት፣ ጎተት ጎተት አደረጉት፣ ሥራውን ሰጡሽ። አንቺም ብቻሽን አልያዝሽውም፤ ባል የሞተባቸውን ሁለት ጎረቤቶቻችንን ጠርተሽ ሙያውን አስተማርሻቸው። ዛሬ ሁለቱም የየራሳቸው መኪና አላቸው።

የተለየሽን ቀንም ከእነሱ ጋር ጨርቅ ስትቆርጪ ነበርሽ። ትንሽ ልረፍ ብለሽ ግድግዳውን ተደገፍሽ፤ በዚያው ቀረሽ። በባጃጅ ሐኪም ቤት ብናደርስሽም ልብሽ ቆሞ ነበር።

ለቅሶው ላይ መጋኛ ነው የመታት ያለ አለ፤ ዓይን ነው ያለም አለ። በኋላ ያን ቀን የተቀበለን ሐኪም እኔንና ብርቄን አስቀምጦ አስረዳን። እኛ ብርድ ነው ስንለው የኖርነው ሕመም የመገጣጠሚያ ብግነት ይባላል። ብግነቱ ጣት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ውስጥ ውስጡን የደም ሥርንና ልብን ይጎዳል፤ የአንዳንዱን ሰው ልብ ሳያስጠነቅቅ ያቆማል። ያንቺም ሞት ከዚያ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረን። ዳገት ስትወጪ ትንፋሽ ሲያጥርሽ የዕድሜ ነው እንል የነበረው ያኔ ታወሰኝ። በአርባሽ ቀን ቆሜ ይህንኑ ለሕዝቡ ተናገርኩ።

አምና በጥር ወር፣ ብርቄም ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ያብጡ ጀመር። ጎረቤቱ አሁንም ብርድ ነው አለ። የነፍስ አባታችን ግን «ጠበሉንም ጠጪ፣ ሐኪሙንም ስሚ» አሏት። ደሴ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ጣቶቿን አገላብጣ ስትጨርስ ልጅሽ አልተነሳችም። «እናቴ የሞተችው በልቧ ነው፤ ልቤንም እዩልኝ» አለቻት። በሬ የሚያህል ፍርሃት ይዞኝ ውጭ ጠበቅኩ። ልቧ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ብግነቱን የሚያበርድ መድኃኒትም በጊዜ ጀመረች። ክትትሏን አታቋርጥም። ክሩንም አሁን ራሷ ታስገባለች፤ እኔን ሥራ ፈት አድርጋኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ከኩልመስክ የመጣች አንዲት እናት ቀሚስ ልታሰፋ በረንዳው ላይ ወጣች። የእጇ አንጓዎች አብጠዋል፤ አረፍ ብላም ትንፋሿ አልተመለሰላትም። ብርቄ ሜትሩን አስቀመጠች፣ ጨርቁን አጣጥፋ ሰጠቻትና ቀሚሱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እንሂድ አለቻት። ሴትዮዋ ገበያው ያመልጠኛል ብላ እንቢ አለች። ልጅሽ አልተከራከረችም፤ መኪናዋን ሸፍና እጇን ያዘቻት። ገበያተኛው ሁሉ እያያቸው ሁለቱ ቀስ እያሉ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከጀርባቸው ቆሜ ነበር። ሴትዮዋ ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ተልካ አሁን እየታከመች ነው።

ጥሩዬ፣ ማን አሳደጋት ሲሉኝ የማንን ስም እንደምጠራ ታውቂዋለሽ። በሕይወት እስካለሁ እጠራዋለሁ፤ እኔ ስከተልሽም ይህቺ ልጅ ትጠራዋለች።

ያንቺው ባለቤትሽ