በስምህ የመጡት ፖስታዎች

ተስፍሽ፣ የኔ ጌታ፣

እንደምን ሰነበትህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፈው። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ሰብለም ኤድመንተን ሥራዋ ላይ ነች፤ በየእሁዱ ትደውላለች። ቴምፕል ሰፈር ያለው ቤታችንም አለ። አለ ያልኩህን ዝም ብለህ እንዳታልፈው። ሊሄድ ነበር፤ ዛሬ የምጽፍልህም ስለሱ ነው።

ሞርጌጁን፣ የቤቱን የባንክ ዕዳ፣ ከፍለህ የጨረስክበት ቀን ትዝ ይለኛል። ጓደኞችህን ሁሉ ጠርተህ ሳሎኑ መሐል ቆምክና "ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቤት የሚያስወጣን እግዜር ብቻ ነው" አልክ። ሰው አጨበጨበ። እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሰማሁህና ቃልህን እንደ ውል ልቤ ውስጥ አስቀመጥኩት። ያለቀው የባንኩ ዕዳ ብቻ እንደሆነ፣ የቤት ታክስ ግን ቤት እስካለ ድረስ እንደሚከፈል አንተ ታውቅ ነበር። ለእኔ መንገር አላስፈለገህም። የወረቀቱ ሥራ ያንተ፣ የቀረው የእኔ፤ እንዲህ ነበር የኖርነው።

ካረፍክ በኋላ እኔና ሰብለ የባንክ አካውንትህን ዘጋን። ታክሱ በየወሩ ከዚያ ይቆረጥ እንደነበር ማናችንም አላወቅንም።

ከዚያ ፖስታ መምጣት ጀመረ። ቤቱን የገዛኸው እኔ ካናዳ ሳልገባ ስለነበር የሚመጣው ሁሉ ባንተ ስም ነው። አልከፈትኳቸውም። የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር ነው እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ ባልም ቢሆን ሰው ነው። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን ለማንም አልተናገርኩም። ካንተ በኋላ "ነፍሱን ይማር" ሳይል ስምህን የሚጠራ ሰው ጠፍቶ ነበር። ፖስታው ላይ ግን ስምህ ብቻ ነው ያለው፤ እንደ ድሮው፣ እንደ ሕያው ሰው። መንገዱ ጥግ ካለው የፖስታ ሳጥን ሳወጣው በፖስታው የላስቲክ መስኮት በኩል "ተስፋዬ" ይላል። እንግዳ እንዳገኘ ሰው ደስ እያለኝ ይዤው እገባና መሳቢያህ ውስጥ፣ ሹራቦችህ ሥር አስተኛዋለሁ። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም። አማርኛውን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ፣ እንግሊዝኛውን ከሳሙና ካርቶን ላይ የለቀምኩ ሴት ነኝ፤ ቀስ ብዬ እደርስበት ነበር። መክፈት ነው ያልፈለግኩት።

ባለፈው ፀደይ የእድራችን ሰብሳቢ እትዬ ብርቄ ሊጠይቁኝ መጡ። ልብስህን ለችግረኛ እንስጥ ብለው ሲያግዙኝ መሳቢያውን ሳቡት።

"ይሄ ሁሉ ምንድነው?" አሉኝ።

የተስፋዬ ነው አልኳቸው። አፍጥጠው አዩኝ።

"እና ተስፋዬ መጥቶ ሊያነበው ነው? አንቺ ልጅ፣ ቢላ አምጪ!"

አንድ በአንድ ከፈትናቸው። የመጀመሪያዎቹ ማስታወሻ ነበሩ፤ ቀጥለው የመጡት ማስጠንቀቂያ። የመጨረሻው፣ ባልተከፈለው ታክስ ምክንያት የከተማው አስተዳደር ቤቱን በዕዳ መያዣነት እንዳስመዘገበ፣ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካልተከፈለም ቤቱ በሐራጅ እንደሚሸጥ ይናገራል። እትዬ ብርቄ ሁለቴ አነበቡት። እኔ ሹራብህን ታቅፌ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሃያ ዓመት ታክሲ እየነዳህ ያቆምከውን ቤት በገዛ እጄ ሹራብ ሥር ልቀብረው ነበር፣ ተስፍሽ።

ሰብለ ስትሰማ "ማሚ፣ ለምን ኮል አላደረግሽልኝም?" ብላ ጮኸችብኝ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። በማግስቱ መጣች፤ ከእትዬ ብርቄ ጋር ሆነን በባቡር ዳውንታውን፣ የከተማው ታክስ ቢሮ ወረድን። እዚያ ያነጋገረችን ሴት ወረቀቱን አገላብጣ፣ ከሐራጁ በፊት ስለመጣችሁ መንገድ አለው አለችን። ውዝፉን በየወሩ እየከፈልን የምንጨርስበት ውል አዘጋጀችልን። ልፈርም ስል ቀና ብላ አየችኝና፣ አንዱ ሲሞት ብዙ ቤት እንዲህ ነው፣ ፖስታውን የሚከፍት ይጠፋል አለች። ያ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን የጽዳት ሥራዬ ላይ አንድ ሺፍት ጨምሬአለሁ። ምድር ቤቱን ለአንዲት ነርስ አከራይቼዋለሁ። ሰብለ ጠበቃ ፈልጋ ቤቱ ወደ ስሜ ዞሯል። ያን ቀን አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። ቤትህን ለማትረፍ ስምህን ከወረቀቱ ላይ ማንሳት ነበረብኝ።

ደግሞ ዝምተኛዋ ሚስትህ በእድር ስብሰባ ላይ ተነስታ ተናገረች ብልህ ታምነኛለህ? ፎረስት ሎን ሰፈር፣ የምንከራየው አዳራሽ ውስጥ ነው። ሐዘን ሲደርስ አስከሬን እንሸኛለን፣ ምግብ ይዘን እንሄዳለን፣ የቤቱን ታክስ ግን የሚጠይቅ የለም አልኩ። እኒያ ቀልደኛው ጋሽ ለማ ከኋላ "እድራችን ቀባሪ ነው ወይስ ቀረጥ ሰብሳቢ?" አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ሳልቀመጥ "ባሌን ቀብራችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ቤቴ ግን ሊከተለው ነበር" አልኳቸው። ሳቁ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለቅሶው ጋብ ሲል፣ ሐዘንተኛው ከፈቀደ፣ ከእድሩ ሁለት ሰው አብሮት ቁጭ ብሎ ፖስታ ይከፍታል።

መጀመሪያ የሄድነው ዋይትሆርን ሰፈር፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ ሽማግሌ ቤት ነው። የእነሱን ወረቀት የሚያውቁት እሳቸው ሳይሆኑ ሚስታቸው ነበሩ። ሰውየው ፖስታዎቹን ደረታቸው ላይ ይዘው "የእሷ ናቸው" አሉ። እትዬ ብርቄ ሊናገሩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝ አደረግኳቸው፤ እኔ ገብቶኛላ። አንዱን ለምኜ ተቀበልኩና ጠርዙን በመቀስ ከፈትኩት። አንብቤ የሚያስፈልገውን ጻፍኩ። ከዚያ ወረቀቱን እንደነበረው አጥፌ፣ የሚስታቸው ስም በመስኮቱ እንዲታይ አድርጌ መለስኩላቸው። ብዙ ቆይተው አዩት። ቀጣዩን ራሳቸው አቀበሉኝ። የታክሱ ነበር፤ ገና የመጀመሪያው ማስታወሻ ላይ ደረስንበት።

አሁን ፖስታው የሚመጣው በእኔ ስም ነው፤ በመጣበት ቀን እከፍተዋለሁ። አንተን ግን ለወረቀት አደራ አልሰጥም። ቅዳሜ ሌላ ሐዘን ቤት እንሄዳለን፤ ገብቼ ስቀመጥ መጀመሪያ የምነግራቸው ስላንተ ነው፤ ተስፋዬ የሚባል ባል ነበረኝ እላለሁ። በሕይወት እስካለሁ፣ ስምህን ሳልጠራ የማንንም ፖስታ አልከፍትም።

ያንተዋ ዘነበች